ሳይሰካ የቀረው ካርድ

መካነ ሰላም
ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኸዲጃ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያን የሰዎቹን ከባድ ምንጣፍ እየጎተትሽ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናትሽ እማማ ሀጀራ ጉልበታቸውን ከማማረር በቀር ደህና ናቸው። ልጃችን ሩፋይዳ አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። እኔ ደክሞኛል። ሌላ ምንም የለብኝም፣ እንዳትደነግጪ፤ ብቻ ደክሞኛል።

ይህን የምጽፍልሽ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ሰው ያለ መብራት ምን ሥራ አለው። ጎረቤታችን ሼህ ጀብሪል ዘንድሮ ሐጅ ተሳክቶላቸው ነገ ማለዳ ወደ ደሴ ይነሳሉ። ደብዳቤው በእሳቸው እጅ ነው የሚመጣው፤ ጅዳ ያለችው የእህታቸው ልጅ ያለሽበት ቤት ድረስ ታደርስልሻለች። አንቺም ለሩፋይዳ ያሰብሽውን ኮምፒውተር የምትልኪው ሲመለሱ በእሳቸው ስለሆነ፣ ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢው ብዬ ነው።

በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ስትደውዪ አሠሪሽ ከጀርባሽ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ እኔም ካርድሽ እንዳያልቅ ስል ሁሉን ነገር «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እዘጋለሁ። ባለፈው በመስከረም ስትደውዪ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንደኛው፣ ኅዳር ላይ ውልሽ ሲያልቅ ሁለት ዓመት ልትጨምሪ መሆኑን። ሁለተኛው፣ ለሩፋይዳ ጌም መጫወቻ የሚሆን ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ገዝተሽ ልትልኪላት መሆኑን። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያልሽው። እኔም ለሁለቱም አንድ «እሺ» አልኩሽና ተዘጋ። 

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ሙሉውን አልነገርኩሽም፤ እንዳትናደጂ ፈርቼ ነው። ካሳ የሚባል ሰው መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፍቷል። ሐምሌ ላይ የተበላሸ ቴሌቪዥን እይልኝ ብሎኝ ብሄድ ማንን ላግኝ? ሩፋይዳን። ከወንዶቹ መሃል ተቀምጣ፣ ሂጃቧን ወደ ኋላ ጠቅልላ፣ ስክሪኑ ላይ መኪና ትነዳለች። አንቺ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ እንደምታደርጊው ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች። ሦስቱን አሸንፋ አራተኛው ተራውን ይጠብቃል። ካሳ እየሳቀ «ጋሼ አሕመድኑር፣ ይችን ልጅ ይከልክሉልኝ፤ ደንበኞቼን አሳፍራ ልትጨርስብኝ ነው» አለኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አስነስቼ ይዣት ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ «እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «አባዬ፣ እዚያ ስሆን ቀኑ ቶሎ ይመሽልኛል» አለችኝ። ቤት ውስጥ የራሷ ኮምፒውተር ካላት እዚያ እንደማትሄድ ማለችልኝ፤ እኔም ላገኝላት ቃል ገባሁ። ለአንቺ የነገርኩሽ «ልጅቷ ኮምፒውተር አማራት» ብቻ ነበር።

ኢድ አልፎ በሳምንቱ ይዣት ደሴ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ትሁት ነው። ተገጥሞ ያለቀ አንድ ኮምፒውተር አሳየን፤ ጥቁር፣ ከፊቱ ሰማያዊ መብራት የሚበራ፣ እንደ ሠርግ ቤት የሚያብረቀርቅ። ጎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሩፋይዳ «ውስጡን ማየት ይቻላል?» አለችው። «አይቻልም እህቴ፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ዋስትናው ይቀራል» አላት። «ከተበላሸስ?» «ታመጡታላችሁ።» «ከመካነ ሰላም?» ስትለው አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ይጠርግ ጀመር።

ኋላ ግን እውነቱን ነገረን፣ አላህ ይስጠው። እኛ በያዝነው አቅም ተገጥሞ የሚሸጠው ውጭው ነው የሚያምረው፤ ለጌም ዋናው ነገር ስዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነው፣ እሱ ደግሞ በርካሹ ላይ ደካማ ይሆናል አለን። ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ የሚገጥም ሰው ግን ገንዘቡን የፈለገበት ላይ ያውላል። «የሚገጥምላችሁ ሰው ካላችሁ ነው እንግዲህ» ሲል ሩፋይዳ ዞራ አየችኝ። ምን ልበልሽ ኸዲጃ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ከሆንኩ ሃያ ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዓይን ያየኝ ሰው የለም። ኮምፒውተር ጠግኜ አውቃለሁ እንጂ ከባዶ ገጥሜ አላውቅም። ቢሆንም «እንገጥመዋለን» አልኩ።

አንቺም የምትገዢውን እንድታውቂው የሁለቱንም ጥሩና መጥፎ ልንገርሽ። አልቆ የሚሸጠው ጣጣ የለውም፤ ሶኬት ላይ ሰክተሽ በዚያው ምሽት ትጫወቺበታለሽ። ክፋቱ የሚመጣው የተበላሸ ቀን ነው። የአንቺው ደግሞ ዋስትናው እዚያው ጅዳ ይቀራል፤ በዚህ በአቀስታ መንገድ ተንገጫግጮ ደርሶ አልበራም ቢል ማን ዘንድ እንሄዳለን? ገጥመሽ የምትሠሪው ልፋት ነው። ቀን ይፈጃል፣ አንዱ ዕቃ ከሌላው አልስማማ ይላል፣ ገዝተሽ የመጣሽው ሳይሆን ቀርቶ ትመልሺዋለሽ። ግን ሲበላሽ የቱ እንደተበላሸ ታውቂያለሽ፣ እሱን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ዛሬ ያልሞላልሽንም ቦታውን ትተሽለት ሌላ ቀን ትጨምሪዋለሽ።

እንደዚህ ሆኖ ተጀመረ። ዕቃው የሚገጠምበትን የኮምፒውተር ሳጥን አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አገኘሁት፤ ውስጡ እንሽላሊት እንቁላል ጥላበታለች። ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ የሚሉትን፣ ከደሴ ያገለገለ ገዛን። ሩፋይዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋው መጣች፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር በሁለት እጇ ከፍ ታደርገዋለች። ሾፌሩ «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» ብሎ ቀልዶባታል። የቀረውን አንዳንዱን ወረኢሉ ካለ አስተማሪ፣ አንዳንዱን ከራሴ ቆሻሻ ክምር ለቀምን። አንቺ ስትደውዪ ሰሌዳው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አልነገርኩሽም። ያሰብሽውን ደስታ ላበላሽብሽ አልፈለግኩም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ሱቅ ትመጣለች። እንግሊዝኛውን እሷ ታነባለች፣ እኔ ብየዳውን እሠራለሁ። ሠራሁ ልበል እንጂ ቀጫጭኑን የምትበይደው እሷ ሆናለች፤ የእኔ ዓይን አንዷን ነጥብ ሁለት አድርጎ ያሳየኝ ጀምሯል። ለማንም አልነገርኩም። እሷ ግን አንድ ቀን የመበየጃውን ብረት ከእጄ ወሰደች።

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽ በስልክ እንዳታነሺባቸው፣ በአላህ ይዤሻለሁ።

መጀመሪያ ልናበራው የተዘጋጀነው የጁምዓ ዕለት ማታ ነው። እማማ ሀጀራ «አዲስ ነገር ዱዓ ሳይደረግበት አይነካም» ብለው ጎረቤቱን ጠሩ፤ ሼህ ጀብሪልም መጡ። ኮምፒውተሩ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ችግር ቢኖር ወዲያው እንድናየው ብለን ጎኑን አልዘጋነውም። ዱዓው ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃል፣ የቀረው ሁሉ ለአንቺ ሆነ። «በሰላም ለቤቷ ያብቃት» ሲባል ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ልሸኝ በር ድረስ ወጣሁ።

በዚያች መሃል እናትሽ ከሳጥናቸው አንቺ የላክሽላቸውን የዘምዘም ውሃ አወጡ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ለታመመ ሰው ካልሆነ ጠብታዋን አይሰጡም። በመዳፋቸው ቀዱና ሰለዋት እያወረዱ ክፍቱ የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ረጩት። በረከቱ የማይደርስበት ቦታ እንዳይኖር ብለው ከጥግ እስከ ጥግ ነው ያዳረሱት።

ሩፋይዳ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። አያቷን «ይተዉ» ማለት ከአፏ አልወጣ አላት። እኔ ስመለስ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ደስታ መስሎኝ ቁልፉን ለመጫን እጄን ሰደድኩ። «አባዬ ቆይ» ስትል ተጭኜዋለሁ። ጠሽ አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ጸጥ አለ።

እማማ «በራ ወይ ልጄ?» አሉኝ። የእሳቸውም ዓይን እንደ ድሮው አይደለም። «በራ እማማ፤ ወዲያው መብራት ሄደ እንጂ» አልኳቸው። ይህን ስል ሩፋይዳ ቀስ ብላ ሄዳ የቤቱን አምፖል አጠፋችው። እማማም «ዘምዘሙ ነው፣ በረከት አለው» ብለው ደስ ብሏቸው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው አንድ ጉንጭ አትሞላም።

ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። እውነት ነው፣ ዝግ ሆኖ የመጣ ዕቃ ቢሆን ይህ አይደርስበትም ነበር። ሰው ተሳስቶ እንኳ እጁን የማያስገባበት ነገር አንዳንዴ ይሻላል። ለሩፋይዳ «ይቅር፣ አልቆ የተሠራ እንፈልግልሽ» አልኳት። ካቻቢቴውን አንስታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።

ሦስት ቀን ፈጀን። ሰሌዳውን በአልኮል አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ እሷ በጥርስ ብሩሽ ጥጋጥጉን ጠረገችው። የተቃጠለው ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ክፍል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከክምሬ ውስጥ ሌላ አውጥተን ቀየርነው። ሰኞ ከአስር ሶላት በኋላ ሱቅ ውስጥ ቁልፉን እሷ ተጫነችው። በራ። ሩፋይዳ አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ነጭ ጽሑፍ አየችው። እኔ አለቀስኩ ብልሽ አትስቂብኝ።

ጽሑፍ ይጽፋል፣ ቁርአን ያሰማል። ጌሙን ስንከፍት ግን መኪናው ይንቀጠቀጥና መንገዱ መሃል ይቆማል። የጎደለው ያ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነው። ለእሱ አቅማችን ስላልደረሰ የሚሰካበትን ቦታ ባዶውን ትተንለት ነበር። እኔም በደስታ ላይ ሆኜ አፌ አመለጠኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ እናትሽ ሙሉውን ኮምፒውተር ከምትልክ ካርዷን ብቻ ትላክልን፤ ሼህ ጀብሪል በኪሳቸው ይዘዋት ይመጣሉ» አልኳት።

ዞረች። «እማዬ ኮምፒውተር ልትልክልኝ ነበር?» አለችኝ። እንዳልነገርኳት ያኔ ትዝ አለኝ። «አዎ» አልኩ።

«እንግዲያ ውሏን ልትጨምር ነው» አለች።

በአላህ እምላለሁ ኸዲጃ፣ እኔ አልነገርኳትም። «ማን አለሽ?» ብላት ወደ ቤት ሄዳ ሁለት ነገር ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ በአሥራ አንድ ዓመቷ የላክሽላት የእጅ ሰዓት ነው። ሌላው በአሥራ ሦስት ዓመቷ የላክሽላት ሞባይል ነው። «ይህ ሲመጣ ሁለት ዓመት ጨመረች። ይህም ሲመጣ ሁለት ዓመት ጨመረች። አባዬ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይመጣ» አለችኝ።

እኔ አባቷ ይህን አላየሁትም። ሰዓቱ ሲመጣ «ማሻአላህ» ብዬ እጇ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ሞባይሉ ሲመጣ ሲም ካርዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

የካርዷን ነገር አንስቼ ልለምናት ሞከርኩ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ በሰው ብትመጣ ምን አለበት አልኳት። «በሰው ከመጣ አልሰካውም። እሷ ይዛው ከመጣች እሰካዋለሁ» አለች። ሳጥኑን በሦስት ብሎን ዘጋችው። አራተኛዋን ደብተር መያዣዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትጽፍበታለች፤ ጌሙን አልከፈተችውም። ካሳ ቤትም አልሄደችም።

ኸዲጃ፣ አልቆጣሽም፤ ምን አፍ አለኝ። ጣራችን ቆርቆሮ የለበሰው በአንቺ ወገብ ነው። ይህ ሱቅ የቆመው በአንቺ ወገብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ነይ» ማለት ያሳፈረኝ ለዚህ ነው። ሰው ምን ይለኛል፣ እሷስ ምን ትለኛለች እያልኩ «እሺ» ስል ኖርኩ። መስከረም ላይ ያልኩሽ እሺ ግን እሺ አልነበረም። የሰዓቱም ጊዜ፣ የሞባይሉም ጊዜ እሺ አልነበረም። ናፍቀሽኛል። ቤት ውስጥ ነገር ሲወድቅ «ኸዲጃ» ብዬ እጣራለሁ፤ ልጅቷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

እናድርግ የምልሽ ይህ ነው። የያዝሽውን ገንዘብ ኮምፒውተር እንዳትገዢበት፤ የመሳፈሪያሽ ነገር ቢጎድል ይሙላልሽ። ከጎደለም ንገሪኝ፣ የሱቁን ግማሽ አከራያለሁ፤ ግማሹ ለእኔና ለእሷ ይበቃናል። ስትመጪ ሥራ የለም ብለሽ አትስጊ። የልብስ ስፌት መኪናሽን ፈትቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ቀበቶውን ቀይሬዋለሁ፤ ይሠራል።

የመርከብም የአየርም መንገድ ለአንቺ ገር ይሁን። አላህ የሰው ቤት ድካምሽን ይቁጠርልሽ፣ ወገብሽን ይጠግንልሽ፣ ያሠሪሽን ልብ ያራራልሽ። እናትሽ «አንድ ጊዜ ፊቷን ልይና ከዚያ የፈለገው ይምጣ» ይሉሻል። ሼህ ጀብሪል ካዕባ ሲደርሱ ለአንቺ ዱዓ እንዲያደርጉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስምሽን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እንዳይረሱት።

ያንቺው
አሕመድኑር

ማስታወሻ፦ በዚህ ፖስታ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወረቀት የሩፋይዳ ናት። የካርዱን ስምና ቁጥር በእጇ ጽፋዋለች፤ ጅዳ ሱቅ ውስጥ ብታሳዪያቸው ያውቁታል ብላለች። ስትጓዢ ካርዱን ከጭነቱ ጋር አትስጪው፣ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። ክብደቱ ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ቢሆንም ለሼህ ጀብሪል እንዳትሰጪያቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይከብዳቸዋል።